ልክን ስለ ማወቅ

በቋንቋችን «ልክ» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ነገር ይናገራል። አንደኛው የርዝመት፣ የስፋትና የክብደት መጠን ነው፤ «የጫማህ ልክ ስንት ነው?» እንደምንለው ያለ። ሁለተኛው እውነት ወይም ትክክል ማለት ነው፤ ሰው የተናገረው ነገር ሲያሳምነን «ልክ ነህ» እንለዋለን። ከዚህም ሌላ ራሱን ከሚገባው በላይ ከፍ የሚያደርገውን ሰው «ልክህን እወቅ» ብለን እንገሥጸዋለን። አባቶቻችን መለካትንና እውነትን፣ እውነትንና ትሕትናን በአንድ ቃል ማሰራቸው እንዲያው በአጋጣሚ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን በእጄ ሠርቼ ካየሁት በኋላ እንዲህ ብዬ ማሰብ አልቻልሁም።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ ወይም መምህር አይደለም፤ የካርቶን ሥራ ነው። ለብዙ ወራት፣ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ በአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ አስቀድሞ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ የአንድ ብረት ለበስ የባቡር ሠረገላ አምሳያ ስሠራ ቆየሁ። መሣሪያዎቼ ጥቂቶች ነበሩ፤ ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ ሞረድ፣ መርፌ፣ ሙጫና ብሩሽ። ለግድግዳው ወፍራም ካርቶን፣ ለበሮቹ ቀጭን ካርቶን፣ ለመጨበጫዎቹ ሽቦ፣ ከሐዲዱ ሥር ለሚነጠፈው አግዳሚ ስንጥር እንጨት አዘጋጀሁ። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ጎልማሳ ሰው ካርቶን እየቆረጠ ይጫወታልን? ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። መሳቁን አልከለክላችሁም፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ነበረ ልንገራችሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከ1918 ጀምሮ በሩስያ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ አገሩ እጅግ ሰፊ፣ ጥርጊያው ጥቂት፣ የባቡር ሐዲዱ ግን ረጅም ስለ ነበረ፣ ተዋጊዎቹ ወገኖች ብረት የለበሱ ባቡሮችን አሰለፉ። እነዚያ ባቡሮች በእንፋሎት በሚሠራ ሎኮሞቲቭ የሚጎተቱ ነበሩ። የሎኮሞቲቩ ጢስ ከሩቅ ይታያል፤ እርሱ ከተመታም ከኋላው የተቀጠለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ በኋላ ዘመን መሐንዲሶች ሞተሩንም፣ መድፉንም፣ ወታደሮቹንም በአንድ ሠረገላ ውስጥ አጠቃልሎ የሚይዝ፣ ያለ ሎኮሞቲቭ በራሱ ኀይል የሚሄድ ነገር ለመሥራት አሰቡ። ከእነዚህም አንዱ «ኤም ቤ ቬ 2» የተባለው ነው።

ይህን ሠረገላ በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሠራው በሌኒንግራድ፣ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው ከተማ የሚገኘው የኪሮቭ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ቀድሞ ፑቲሎቭ ይባል የነበረው፣ ሠራተኞቹም በ1917 ለተነሣው አብዮት ምክንያት ከሆኑት መካከል የሚቈጠሩት ነው። በሠረገላው ጀርባ ላይ ሦስት የሚዞሩ የመድፍ ቤቶች ተቀምጠዋል፤ እነዚህም ያው ፋብሪካ ይሠራው ከነበረው ቲ 28 ከተባለው ታንክ ዐይነት ናቸው። የእያንዳንዱ መድፍ አፍ ስፋት 76.2 ሚሊሜትር ነው። የሠረገላው ክብደት ወደ 80 ቶን ይጠጋል። የተሠሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ከሞስኮ በስተ ምዕራብ ኩቢንካ በተባለው ስፍራ ባለው የታንክ ሙዚየም ተጠብቆ ለዘመናችን ደርሷል።

እኔ የሠራሁት አምሳያ ከእውነተኛው በ35 እጅ ያነሰ ነው። ይኸውም በእውነተኛው ላይ 35 ሚሊሜትር የሆነው ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ላይ 1 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህ አንድ ሕግ ነው፤ ሕጉም ለሁሉ እኩል ነው። ለመድፉ አያዳላም፤ መሰላሉን አይንቅም። የፈለግሁትን አሳንሼ የወደድሁትን ላተልቅ ብል ሕጉ ይፈርሳል፤ ሕጉ ከፈረሰም የሠራሁት ነገር አምሳያ መሆኑ ቀርቶ እንዲሁ የካርቶን ክምር ይሆናል። አንድ ዳኛ ለወዳጁ አንድ ሚዛን፣ ለባዕድ ሌላ ሚዛን ቢያወጣ ፍርዱ ፍርድ እንደማይባል ሁሉ ማለት ነው።

ኩቢንካ ሄጄ ሠረገላውን ስላልለካሁት የሠራሁት ፎቶግራፍ እያየሁ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ ርዝመትን አይናገርም። ታዲያ በምን ይለካል? ብትሉ፣ ዘዴው ይህ ነው። በሥዕሉ ውስጥ መጠኑ በእርግጥ የታወቀ አንድ ነገር ትፈልጋላችሁ። በሶቪየት ኅብረት በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1524 ሚሊሜትር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እንግዲህ ከፊት ለፊት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የሐዲዱን ስፋት በማስመሪያ ለክታችሁ፣ የሠረገላውንም ስፋት ለክታችሁ፣ ሁለተኛው የአንደኛው ስንት እጅ እንደ ሆነ ብታሰሉ፣ ያልታወቀው ከታወቀው ይወጣል። አንድ የማያወላውል እውነት በእጁ የያዘ ሰው ከእርሱ ተነሥቶ ብዙ ሌላ እውነት ማግኘት ይችላል።

ነገር ግን በዚህ ዘዴ ውስጥ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሚለካውና መለኪያው ካሜራው ከቆመበት ስፍራ እኩል መራቅ አለባቸው። በፎቶግራፍ ላይ ቅርብ ያለው ይተልቃል፤ ሩቅ ያለው ያንሳል። በቅርቡ ነገር ሩቁን የለካ ሰው ይሳሳታል። ይህን በየጊዜው ሳስብ፣ እኛ ሰዎች እርስ በርሳችን የምንተማማበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይህ ይመስለኛል። የራሳችን ችግር ቅርብ ስለ ሆነ ተራራ ያህል ይታየናል፤ የጎረቤታችን ችግር ሩቅ ስለ ሆነ ጉብታ እንኳ አይመስለንም። ሁለቱን በአንድ ማስመሪያ ከመለካታችን በፊት አንድ ጊዜ ወደ ጎረቤታችን ቀርበን መቆም ይገባን ነበር።

የካርቶኑ ግድግዳ ከብዙ ክፍል የተያያዘ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሚሊሜትር ቢበልጥ ዐይን አያየውም፤ እጅም አይሰማውም። ነገር ግን ስድስት ክፍል በተከታታይ ሲጣበቅ ስሕተቱ ሦስት ሚሊሜትር ይሆንና ጣሪያው ከግድግዳው ጋር አልገጥም ይላል። በዚያን ጊዜ ጥፋተኛው የትኛው ክፍል ነው? ቢባል፣ አንዱም ለብቻው ጥፋተኛ አይደለም፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት አዋጥቷል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ሩስያኖችም «ሰባት ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚል ምሳሌ አላቸው። ካርቶን ከተቆረጠ በኋላ ይቅርታ ብትጠይቁት አይመለስም፤ ከአፍ የወጣ ቃልም እንዲሁ ነው።

ማታ ማታ ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚያይ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረ፤ የእኅቴ ልጅ ነው። ብልህ ልጅ ነው፤ ጦርነትን ግን የሚያውቀው በፊልምና በጨዋታ ብቻ ነው። ሽቦውን ሞርጄ የመጀመሪያውን መድፍ ሳስገባ ፊቱ ተቀየረ።

«ጋሼ፣ ይሄ መድፍ በጣም ቀጭን ነው፤ የክብሪት እንጨት ነው የሚመስለው» አለኝ።

እውነቱን ነው። 76.2 ሚሊሜትር የሆነው የመድፉ አፍ ስፋት ለ35 ሲካፈል ከ2 ሚሊሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ነው።

«ልኩ ነው» አልሁት።

«ትንሽ ቢያወፍሩትና ቢያስረዝሙት እኮ ያስፈራ ነበር።»

«ያስፈራ ነበር፤ ነገር ግን ውሸት ይሆናል።»

«ታዲያ ማን ይለካዋል?» አለኝ።

ይህች ጥያቄ ትንሽ መስላ ትልቅ ናት። በዓለም ላይ የሚደረገው ክፉ ነገር ብዙው የሚደረገው ማን ይለካዋል? በሚል ሰው ነው። ነጋዴው ሚዛኑን ሲያዛባ፣ ጸሐፊው ቍጥሩን ሲያሳምር፣ ወሬኛው የሰማውን ሲጨምርበት፣ ሁሉም በልባቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጁን አልተቈጣሁትም። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼው፣ «የመድፉ አፍ ስፋት ላይ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ብንጨምር በእውነተኛው ላይ ስንት ይሆናል? አስላው» አልሁት። አሰላው። በጠረጴዛው ላይ የተጨመረችው አንዲት ሚሊሜትር በእውነተኛው ላይ 35 ሚሊሜትር ሆነች፤ የ76 ሚሊሜትሩ መድፍም ከ110 የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሠረገላ ላይ እንዲህ ያለ መድፍ ኖሮ አያውቅም። ልጁ ቍጥሩን ሁለት ጊዜ አይቶ ዝም አለ። ትንሽ ውሸት በትንሽ ስፍራ ሲነገር ትንሽ ሆኖ ይቀራል ማለት ዘበት እንደ ሆነ፣ እኔ ብዙ ቃል ሳልናገር፣ ሂሳቡ ነገረው።

በዚያው ሰሞን ሐዲዱን ስንሠራ ሌላ ነገር አሳየሁት። የሶቪየቱ ሐዲድ ስፋት 1524 ሚሊሜትር ሲሆን የጀርመንና የአብዛኛው አውሮፓ ግን 1435 ነው። ልዩነቱ 89 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ነው። ነገር ግን በሰኔ 1941 የጀርመን ጦር የሶቪየትን ድንበር ጥሶ በገባ ጊዜ ባቡሮቹ በሶቪየት ሐዲድ ላይ ሊሄዱ አልቻሉም። ሠራተኞች እየተከተሉ ሐዲዱን ነቅለው አጥብበው እንደ ገና ማሰር ነበረባቸው፤ ሥራውም ጊዜ ፈጀ፤ ጥይቱና ስንቁ ዘገየ። በአገራችንም ነገሩ ሊገባን አያስቸግርም፤ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበረ፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ግን 1435 ሚሊሜትር ስለ ሆነ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። ትንሽ ልዩነት ነው ተብሎ የተናቀ ነገር ትልቁን ሠራዊት ሊያቆም ይችላል።

ሐዲዱ ሌላም ትምህርት ሰጠኝ። ብረት ለበሱ ሠረገላ ያን ያህል መድፍና ያን ያህል ክብደት ይዞ ሳለ፣ ከሁለቱ ሐዲዶች አንዲት ስንዝር ወጥቶ መሄድ አይችልም። ከፊቱ አንድ ሐዲድ ከተነቀለ ይቆማል፤ ከኋላውም ከተነቀለ ይታሠራል። ብረቱ ጥይት ይመልስለታል፤ ሐዲዱን ግን አይጠብቅለትም። ሐዲዱን ያነጠፈው ደግሞ ወታደሩ ወይም ጄኔራሉ አይደለም፤ ስሙ የማይታወቅ የቀን ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ብረት ለበስ ባቡሮች ወደ ጦር ሲሄዱ ከፊታቸው ምንም መድፍ የሌለበት ዝርግ ሠረገላ ይገፉ ነበር። በላዩም ትርፍ ሐዲድ፣ አግዳሚ እንጨት፣ ምስማርና መዶሻ ይጫናል። ፈንጂ ቢቀበር ቀድሞ የሚመታው እርሱ ነው፤ ሐዲድ ቢሰበር የሚጠገነው እርሱ በያዘው ዕቃ ነው።

ይህን ሳስብ በሰው መካከልም እንዲሁ እንደ ሆነ አየሁ። ኀይለኛ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ የሚሄደው ሌላ ሰው ባነጠፈለት ሐዲድ ላይ ነው። ተማሪው የሚኮራበት ዕውቀት እናትና አባት በከፈሉት፣ መምህር በደከመበት ላይ የቆመ ነው። ሹሙ የሚያዝበት ሥልጣን ግብር በሚከፍለው ሰው ጫንቃ ላይ የተቀመጠ ነው። ልኩን የሚያውቅ ኀይለኛ ሐዲዱን ያከብራል፤ መጠገኛውንም ይዞ ይሄዳል። ልኩን የማያውቅ ግን ሐዲዱ ያለ እርሱ ትእዛዝ የማይጠፋ ይመስለዋል፤ አንድ ቀንም በሜዳ መካከል ቆሞ ይቀራል።

አምሳያው ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ አረንጓዴ ቀለሙን ከቀባሁት በኋላ፣ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። እናቴ ታናሽ ወንድሟ ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ሳይመለስ የቀረባት ሰው ናት። መርዶው እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዓመት በር በሩን ስታይ እንደ ኖረች ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ። በጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር ስታይ ታዝንብኝ ይሆን? ብዬ ሠጋሁ። ልጁ ግን ደስ ብሎት፣ «እማማ፣ ይኸውልዎ! ሦስት መድፍ አለው!» እያለ ያስጐበኛት ጀመር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ዝቅ ብላ ከዳር እስከ ዳር አየችው። መድፉን አልጠየቀችም።

«ሰዎቹ በየት ነው የሚወጡት?» አለች።

በጐኑ ያሉትን ትንንሽ በሮችና በጣሪያው ላይ ያሉትን መክፈቻዎች በመርፌ ጫፍ እየነካሁ አሳየኋት።

«ጠባብ ነው» አለችና፣ ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፣ «ሰዎቹስ የታሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጁ ሳቀ፤ አምሳያ መሆኑን ያልተረዳች መስሎት ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። እናቴ የተናገረችው ነገር ልክ ነበርና። ይህን ዕቃ ማንም ለጌጥ አልሠራውም። ሰዎች ሌሎች ሰዎችን ይገድሉበት ዘንድ፣ ራሳቸውም በውስጡ ሆነው ሊሞቱበት እንደሚችሉ እያወቁ የገቡበት ነው። መድፉን በልኩ፣ በሩን በልኩ፣ ምስማሩን በልኩ ሠርቼ ሰውን ብተወው፣ የነገሩ ዋናው ልክ ጎደለ ማለት ነው።

በማግሥቱ ከሽቦና ከሸክላ ጭቃ አንድ ሰው ሠራን። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በ35 ሲካፈል 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ትንሿን ጣት ያህላል። የታንክ ሰው ቆብ አደረግንለት፤ ፊቱን ልጁ በቀጭኑ ብሩሽ ቀባው። በበሩ አጠገብ አቆምነው። ያን ጊዜ ልጁ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ተመለከተና «ጋሼ፣ መድፉ ትልቅ ሆነ እኮ!» አለኝ። መድፉ አልተለወጠም፤ ያው የክብሪት እንጨት የሚያህለው ነው። ነገር ግን ሰው አጠገቡ ሲቆም እውነተኛው መጠኑ ታየ። የብረቱ ውፍረትም እንዲሁ ታየ። የዚያ ዘመን ታንክ የመድፍ ቤት ብረት ወደ 20 ሚሊሜትር ነበረ፤ በእኛ ልክ ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ እንደ ወፍራም ካርድ ያለ ነገር ማለት ነው። ልጁ ካርዱን በጣቶቹ መካከል አድርጎ ጨመቀውና፣ «በዚህና በጥይቱ መካከል ሌላ ምንም የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድፉን አወፍሩት የሚል ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። የሚያስፈራ ነገር ፈልጎ ነበር፤ ውሸት ሳንጨምርበት እውነቱ ራሱ አስፈራው።

ነገር ግን ሁሉ ነገር በ35 እጅ አያንስም። ርዝመት በ35 ሲያንስ፣ ስፍራ በ1225 ያንሳል፤ ክብደት ደግሞ 35 በ35፣ ያም በ35 ተባዝቶ በ42,875 እጅ ያንሳል። ስለዚህ 80 ቶን የነበረው ብረት በዚህ ልክ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ሕፃን ልጅ ያነሣዋል። አደጋውም ያለው በዚህ ላይ ነው። እጅ በቀላሉ ያነሣውን ነገር ልብም በቀላሉ ያነሣዋል፤ ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ቀላል ይመስላል። በካርታ ላይ ጣቱን እየጐተተ «ከዚህ እስከዚህ እንይዛለን» የሚል ሰው የሚሳሳተው ስለዚህ ነው። ረኀብና ሐዘን፣ የእናት መጠበቅም በስንት እንደሚካፈሉ የሚነግር ሂሳብ የለም።

ይህን ለልጁ በቃል ከመንገር በሚዛን ላሳየው ወደድሁ። ሠረገላው የተሠራባት ከተማ ሌኒንግራድ ጥቂት ዓመት ቆይታ በጠላት ተከበበች። ከበባው ከመስከረም 8 ቀን 1941 እስከ ጥር 27 ቀን 1944 በአውሮፓውያን ወር ቈጠራ 872 ቀን ቆየ። የኪሮቭ ፋብሪካ ራሱ ከጦሩ ግንባር በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሲደበደብ ይሠራ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ያለቁት ግን ከመድፍ ይልቅ በረኀብ ነው። በ1941 ኅዳርና ታኅሣሥ ወር ለልጆችና በፋብሪካ ለማይሠሩ ሰዎች በቀን የሚሰጠው ዳቦ 125 ግራም ነበረ፤ እርሱም በሙሉ ዱቄት አልነበረም። የወጥ ቤቱን ሚዛን አምጥቼ 125 ግራም ዳቦ ቆርጬ አስቀመጥሁለት።

«ለቁርስ ነው?» አለኝ።

«ለቀኑ ሙሉ ነው» አልሁት።

ዳቦውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ያን ዳቦ በአምሳያችን ልክ ብናሳንሰው ጥቂት የጤፍ ፍሬ የሚያህል ነው። ረኀቡ ግን አያንስም።

ያቺ ከተማ ከሞት የወጣችበት አንዱ መንገድ ደግሞ ሐዲድ መሆኑን ነገርሁት። በጥር 1943 የሶቪየት ጦር ከበባውን በአንድ ጠባብ ስፍራ በጣሰ ጊዜ፣ በበረዶና በረግረግ ላይ 33 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ሐዲድ በሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ተነጠፈ። የጠላት መድፍ ከቅርብ ከፍታ ላይ ሆኖ እየመታው፣ የካቲት 7 ቀን 1943 የመጀመሪያው ባቡር ምግብ ይዞ ከተማዋ ገባ። የዚያ ሐዲድ ስፋት ያው 1524 ሚሊሜትር ነው፤ ሦስት መድፍ የተሸከመው ሠረገላ የሚሄድበት ልክና እህል የተሸከመው ባቡር የሚሄድበት ልክ አንድ ነው። ሐዲድ የሚጫንበትን አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሰው ነው።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢዎቼ፣ እኔ የጦር መሣሪያ አምሳያ ሥሩ ወይም አትሥሩ አልላችሁም። ወንበር፣ ድልድይ፣ ቤት፣ የወደዳችሁትን ሥሩ፤ የምትሠሩት ሁሉ ግን በልኩ ይሁን። እጃችሁ መለካት ሲለምድ ምላሳችሁም መለካት ይለምዳልና። ታላቅ ኀይል የተባለ ነገር ወይም ታላቅ የተባለ ሰው ባጋጠማችሁ ጊዜ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። እውነተኛ መጠኑ ስንት ነው? የሚሄድበትን ሐዲድ ያነጠፈለት ማነው? ሰዎቹስ የታሉ? እነዚህን ሳትጠይቁ አታድንቁ፤ ሳትጠይቁም አትፍሩ።